ቁልፍ ስቀብር ምላስ የቆረጥኩበት በር

ባለፈው ህዳር መጨረሻ ላይ ነው፣ አራዳ አካባቢ የሚኖሩ አንዲት እናት ደወሉልኝ፣ እኔ እትዬ ነው የምላቸው፣ "ልጄ፣ በሩ ደሞ ጀመረው፣ ደፉን እየፋቀ ነው፣ በሁለት እጄ ካላነሳሁት አይዘጋልኝም" አሉኝ። ክረምት ቢሆን ምንም አይመስለኝም ነበር፣ ጎንደር ላይ ሐምሌና ነሐሴ የማያብጥ የእንጨት በር የለም፣ ሁላችንም ለምደነዋል። ህዳር ግን አየሩ ደርቆ እንጨት የሚኮማተርበት ወር ነው፣ በዛ ወር በር መላላት ሲገባው ከጠበቀ እብጠት አይደለም ማለት ነው፣ ሌላ ነገር አለ። ስልኩን ዘግቼ ለረጅም ሰአት እሱን ነው ሳስብ የዋልኩት፣ ምክንያቱም ያን በር ነሐሴ ላይ ሄጄ ከስር 4 ሚሊ በፒያላ የላግኩት እኔው ነኝ፣ አብጦ ነው ብዬ።

ጉዳዩን ከነልኬቱ የምጽፈው ጥፋቱ የራሴ ስለሆነ ነው። ከሶስት አመት በፊት የእትዬ ልጅ ከአዲስ አበባ ዘመናዊ ቁልፍ ይዞ መጣ፣ ያ በሩ ውስጥ የሚቀበረው፣ እጄታና ሲሊንደር ያለው፣ እኔም በአንድ ከሰአት ቀብሬ ጨረስኩት። አሪፍ ሆኖ ነበር፣ ሁሉም ወደደው። እንደዛ አይነት ቁልፍ እንደዛ አይነት በር ላይ የቀበረ አናጺ ደግሞ እኔ ብቻ አይደለሁም፣ ከፒያሳ እስከ አዘዞ በየሰፈሩ አለ።

በሩን ላስረዳችሁ። ባለቤታቸው ነፍሳቸውን ይማርና የዛሬ 40 አመት ገደማ ያሰሩት የዋንዛ በር ነው። ቁመቱ 205 ሳንቲ፣ ስፋቱ 90፣ ውፍረቱ 45 ሚሊ። ግራና ቀኝ 110 ሚሊ ስፋት ያላቸው ሁለት ቋሚዎች፣ በነሱ መሀል ሶስት አግዳሚዎች፣ የላዩ 110፣ የመሀሉ 180፣ የታችኛው 220 ሚሊ ስፋት አላቸው፣ ክፍተቱን አራት ፓኔል ሞልቶታል፣ ፓኔሎቹ ቦይ ውስጥ ልል ብለው ነው የተቀመጡት እንዲያብጡና እንዲኮማተሩ። የሰሩት ሽማግሌ ማን እንደሆኑ እትዬም አያስታውሱም፣ ስራቸው ግን በጣም የተጠነቀቀ ነው። አንድም ምስማር የለውም። ሁሉም በወንዴና ሴቴ ነው የተያያዘው፣ አግዳሚው ጫፉ ላይ ቀጭን ምላስ አለው፣ ቋሚው ላይ ደግሞ ምላሱ ልክ የሚገባበት ቀዳዳ ተበስቷል (ቴክኒክ ትምህርት ቤት የተማሩት ልጆች ሞርቲስና ቴነን ይሉታል)። ምላሱ ቋሚውን በስቶ በዛኛው ጎን ይወጣል፣ ጫፉ ላይ ሽብልቅ ተመትቶበታል፣ ስለዚ ተመልሶ መውጣት አይችልም።

የምላሱ ውፍረት 15 ሚሊ ነው፣ ማለትም የ45 ሲሶ። ይሄ ሲሶ የሚባለው ነገር ልማድ ብቻ እንዳይመስላችሁ፣ ምላሱን ብታወፍረው የቀዳዳው ግድግዳ ይሳሳና ቋሚው ይሰነጠቃል፣ ብታቀጥነው ምላሱ ራሱ ይሰበራል፣ ሲሶ ላይ ሶስቱም ማለትም ሁለቱ ግድግዳና ምላሱ እኩል ስለሚሆኑ አንዱ ካንዱ ቀድሞ አይሸነፍም።

ብዙ ሰው በር የሚሸከመው ማጠፊያው ነው ብሎ ያስባል፣ ልክ ነው ግን ግማሹ ነው። ማጠፊያው የያዘው አንዱን ቋሚ ብቻ ነው። ሌላኛው ቋሚ፣ የቁልፉ በኩል ያለው፣ አየር ላይ ነው ያለው፣ እሱን የተሸከሙት ሶስቱ አግዳሚዎች ናቸው፣ አግዳሚዎቹን ከሱ ጋር ያሰሩት ደግሞ እነዛ ምላሶች ናቸው። በተለይ ሰፋፊዎቹ የመሀሉና የታችኛው። የላዩ አግዳሚ ጠባብ ስለሆነ ብቻውን በሩን ቀጥ አድርጎ መያዝ አይችልም። እኔ ይሄን በቃል አውቀው ነበር፣ ቁልፉን ስቀብር ግን አንድም ጊዜ ትዝ አላለኝም፣ እሱ ነው እስካሁን የሚቆጨኝ።

በማግስቱ ጠዋት ከረዳቴ ጋር ሄድን። ማጠፊያዎቹን ነው መጀመሪያ ያየነው፣ ጎረቤት ያለ ልጅ ጥቅምት ላይ ረጃጅም ብሎን ቀይሮባቸዋል፣ ጥሩ ይዘዋል፣ አይነቃነቁም። ከዛ ሜትር አውጥቼ በሩን ሰያፍ ለካሁት፣ ከላይኛው የማጠፊያ ጥግ እስከ ታችኛው የቁልፍ ጥግ፣ ቀጥሎ ደግሞ ተቃራኒውን። በ15 ሚሊ ተለያዩ። ልኬቱ በቃ እዛ ጋር ተናገረ። ማጠፊያ ላልቶ የወረደ በር ሲወርድ ያዘነብላል እንጂ ቅርጹ አራት ማዕዘን እንደሆነ ነው፣ ሁለቱ ሰያፎች እኩል ይሆናሉ። ሰያፉ ከተለያየ ግን በሩ ራሱ ተዛብቷል፣ መገጣጠሚያው ላልቷል ማለት ነው። በዚ ስፋትና ቁመት 15 ሚሊ የሰያፍ ልዩነት ማለት የቁልፉ ጎን 8 ሚሊ ወርዷል ማለት ነው፣ ቢሰላም ይሄንኑ ይሰጣል፣ ከመቃኑ አንጻር ስለካውም 8 ነው የሆነው።

ረዳቴ "ጋሼ፣ የቱ መገጣጠሚያ እንደላላ በምን እናውቃለን?" አለኝ። የሴጌቶ ምላጭ ሰጥቼው እያንዳንዱ አግዳሚ ትከሻ ላይ፣ ማለትም አግዳሚው ቋሚውን የሚነካበት መስመር ላይ እንዲሞክር ነገርኩት። የቁልፉ ጎን ሲወርድ አግዳሚው ወደዛ ያዘነብላል፣ ስለዚ በቁልፉ በኩል ትከሻው ከታች ይከፈታል፣ በማጠፊያው በኩል ከላይ ይከፈታል። በማጠፊያው በኩል ምላጩ የትም አልገባም ማለት ይቻላል፣ ሶስቱም ጠንካራ ናቸው። የቁልፉ ጋር የላዩ አግዳሚ ትንሽ፣ የታችኛው 20 ሚሊ ያህል ገባ፣ የመሀሉ ላይ ግን ምላጩ እየገባ እየገባ ሄዶ ብረት ነካ። "ጋሼ ብረት ነው የነካሁት" አለ። ቁልፉ ነው። ያኔ ነው ሁሉም ነገር የገባኝ።

ቁልፉን ፈታሁትና ቀዳዳውን በስልክ መብራት አየሁት። የራሴ የመሮ ምልክት እዛው አለ። የቁልፉ ሳጥን ቁመቱ 165 ሚሊ፣ ጥልቀቱ 75፣ እኔ የቆፈርኩለት ስፋት 16 ሚሊ። የመሀለኛው አግዳሚ ምላስ ደግሞ 130 ሚሊ ቁመት፣ 15 ሚሊ ውፍረት፣ 110 ሚሊ ርዝመት፣ ቋሚውን ሙሉ በስቶ የሚወጣ። እስኪ አስቡት፣ ምላሱ የበሩ ውፍረት መሀል ላይ ነው ያለው፣ ቁልፉም የሚቀበረው የበሩ ውፍረት መሀል ላይ ነው። መሀለኛው አግዳሚ የሰው እጅ በሚደርስበት ከፍታ ላይ ነው፣ እጄታውም እዛው ነው። ሁለቱም የሚፈልጉት አንድ ቦታ ነው። ከ110 ሚሊ ምላስ 75ቱን ቆርጬ ጥዬዋለሁ፣ የቀረው ከትከሻው 35 ሚሊ ብቻ ነው፣ ከዛ ይብሳል ደግሞ፣ ሽብልቆቹ ያሉት ጫፉ ላይ ነበር፣ እነሱም አብረው ሄደዋል። የቀረችው ጉቶ ዝም ብላ የገባች እንጂ የተቆለፈች አይደለችም። ስቆፍር መሮው ድንገት ሌላ አይነት እንጨት ላይ እንደደረሰ ተሰምቶኝ ነበር፣ አሁን ትዝ ይለኛል፣ የቃጫው አቅጣጫ ተቀይሮ ነበር፣ ቆም ብዬ ብመለከት ምላሱን አየው ነበር።

ታድያ ሶስት አመት እንዴት ቆመ? ይሄ ጥያቄ ለሁለት ቀን አስቸግሮኝ ነበር፣ በሩን ወደ ሱቄ ወስጄ ስፈታው ነው መልሱን ያገኘሁት። ሸክሙን የታችኛው አግዳሚ ብቻውን ይዞት ነበር። እሱ ደግሞ ምላሱ 190 ሚሊ ስፋት ያለው አንድ ወጥ ነው። እንጨት በርዝመቱ አይኮማተርም ማለት ይቻላል፣ በስፋቱ ግን ይኮማተራል፣ ሰፋ ባለ ቁጥር ይብሳል፣ ስለዚ 190 ሚሊ ምላስ በየበጋው ጠቦ በየክረምቱ ሰፍቶ፣ ሲሰፋ ሽብልቁን እየጨፈለቀ ሲጠብ እያላላ፣ ስለካው በቁመት 3 ሚሊ መላወሻ አግኝቷል። የዛ ላይ ደግሞ ነሐሴ ላይ ከስር ስልገው ቀለሙን አንስቼ ጫፉን ሳልቀባው ነው የሄድኩት፣ የቋሚው እግር የቃጫው አፍ ነው፣ ውሃ የሚጠጣው በሱ ነው፣ በሩ ደግሞ የውጭ በር ነው፣ ዝናቡ ከደፉ ላይ እየነጠረ ይመታዋል። የምላሱ የታችኛው 20 ሚሊ በጣት ሲጫኑት የሚገባ ሆኖ ነበር፣ በስብሷል። እንግዲህ መሀሉን ከሶስት አመት በፊት ቆረጥኩት፣ ታቹን ነሐሴ ላይ አስበሰብኩት፣ ያው ህዳር ላይ ወረደ።

እትዬ ጋር ተመልሼ ሁሉንም ነገርኳቸው፣ አንድም ሳልደብቅ። ቡና እያፈሉ ነበር፣ ዝም ብለው ሰሙኝና "እሱ ያሰራው በር እንዳይጣል ብቻ፣ ሌላውን አንተ ታውቃለህ" አሉ፣ እሱ የሚሉት ባለቤታቸውን ነው። ልጆቻቸው ለጥምቀት ከአዲስ አበባ ይመጣሉ፣ ከጥር 10 በፊት መቆም አለበት። ብረት በር አስገጥሚ ያላቸውም ነበር፣ እኔ ግን ያን በር ማዳን ግዴታዬ ነው ብዬ ነው የወሰድኩት፣ የእጅ ዋጋም አልጠየቅኩም።

ቁልፉን ምን እናድርገው የሚለው ላይ ብዙ አሰብኩ። እዛው መልሶ ለመቅበር ምላሱን ለሁለት ከፍሎ ቁልፉን መሀላቸው ማስገባት የሚባል ዘዴ አለ፣ ወፍራም በር ላይ ይሰራል፣ 45 ሚሊ ላይ ግን ለቁልፉ 16 ሲወጣ የሚቀረው 29 ነው፣ እሱን ለሁለት ምላስና ለሁለት ግድግዳ ስታካፍል ሁሉም እንደ ሸምበቆ ይሳሳል፣ አላመንኩትም። ቁልፉን ከአግዳሚው በላይ ሙሉ ለሙሉ ማውጣት ደግሞ እጄታውን 118 ሳንቲ አካባቢ ላይ ያደርገዋል፣ እትዬ ትከሻቸውን ስለሚያማቸው አልወደዱትም። በመጨረሻ ወደ ድሮው ተመለስን፣ ከውስጥ በኩል ከላይ የሚለጠፍ ቁልፍ። በሩ መጀመሪያም እንደዛ አይነት ነበረው፣ የብሎኖቹ ቀዳዳ እስካሁን አለ። የሰሩት ሽማግሌ አውቀው ነበር ማለት ነው። የሚለጠፈው ቁልፍ የሚፈልገው አንድ ክብ የሲሊንደር ቀዳዳ ብቻ ነው፣ እሱንም ከመሬት 111 ሳንቲ ላይ አደረግኩት፣ ከምላሱ አናት በላይ ነጻ በሆነ ቦታ። በሩን የሚስቡበት እጄታ ግን እጃቸው በለመደው ቦታ ነው የተቸነከረው።

ለመሀለኛው አግዳሚ አዲስ ምላስ ያስፈልገዋል። ጉቶዋን ከትከሻው ጋር እኩል ቆረጥኩና አግዳሚው ጫፍ ላይ 100 ሚሊ ጥልቀት ያለው ሴቴ በሳሁ፣ ቋሚው ላይ ያለችውን ደግሞ አጸዳሁ፣ ከዛ በሁለቱም የሚገባ 210 ሚሊ ርዝመት ያለው ለብቻው የተሰራ ምላስ። እኔ ቋሚውን 16 ሚሊ አድርጌ ስለበላሁት ምላሱም 16 ሆነ፣ ከሲሶው በ1 ሚሊ ይበልጣል፣ ይሄንን መቀየር አይቻልም ነበር። እንጨቱን ከየት አመጣሁት? አዲስ ዋንዛ ገበያ ላይ አለ ግን የደረቀ ነው ቢሉህም አትመን፣ 5 ሳንቲ ውፍረት ያለው ጣውላ ጥላ ስር በአየር ብቻ ለመድረቅ ሁለት አመት ያህል ይፈልጋል፣ ማን ይጠብቅለታል። እኔ የተሰበረ አሮጌ የዋንዛ አልጋ እግር ነበረኝ፣ አመታት የደረቀ፣ እሱን ነው ያረድኩት። ለምን ወይራ አላደረግከውም ያለኝ ጓደኛ ነበር፣ ወይራ ጠንካራ ነው እውነት ነው፣ ግን በሩ ዋንዛ ነው፣ ምላሱና ቋሚው እርጥበት ሲመጣ አንድ ላይ እንዲያብጡ አንድ ላይ እንዲኮማተሩ ነው የምፈልገው።

ጫፍ ላይ መብሳት ከጎን ከመብሳት ይከብዳል፣ መሮው ቃጫውን ተከትሎ መሰንጠቅ ይፈልጋል። በ14 ሚሊ ፑንታ ተራ በተራ እየበሳሁ መሀሉን አወጣሁና ግድግዳውን በመሮ ማስተካከል ስጀምር መብራት ጠፋ፣ እስከ ማታ አልመጣም፣ የቀረውን በእጅ ጨረስነው። ለረዳቴ ያን ቀን ያሳየሁትን እዚም ልጻፈው፦ ሴቴ ሲቆፈር ከመሀል ተነስቶ ወደ ጫፎቹ ነው የሚኬደው፣ ጫፎቹ ላይ 2 ሚሊ ያህል ትተዋለህ፣ ምክንያቱም ፍርፋሪውን ለማውጣት መሮውን ስታነቃንቀው የሚደገፈው ጫፉ ላይ ነው፣ ጠርዙን ይጨፈልቀዋል፣ መጨረሻ ላይ ነው ንጹህ አድርገህ የምትቆርጠው። ቋሚውን በስቶ የሚወጣ ከሆነ ደግሞ ከሁለቱም ጎን ግማሽ ግማሽ ነው፣ ካንድ ጎን ከገፋኸው በዛኛው በኩል እንጨቱን ገንጥሎ ነው የሚወጣው።

ለማጥበቂያ ኮላ ብቻ አላመንኩም። 10 ሚሊ ውፍረት ያላት የወይራ ችካል ሰራሁ (እዚ ላይ ነው ወይራ ቦታው)፣ ቋሚው ላይ ከትከሻው 25 ሚሊ ርቆ በሳሁ፣ ምላሱን አስገብቼ በፑንታው ጫፍ ምልክት አደረግኩ፣ አውጥቼ ምላሱ ላይ ስበሳ ከምልክቱ 2 ሚሊ ወደ ትከሻው አስጠግቼ በሳሁት። ሁለቱ ቀዳዳዎች አይገጣጠሙም ማለት ነው፣ ጫፏ የሾለ ችካል ስትመታ እየተጣመመች ስትገባ ምላሱን ወደ ውስጥ ትጎትተዋለች፣ ትከሻው ጢም ብሎ ይዘጋል፣ ሞርሳው ከተፈታም በኋላ መጎተቷን አታቆምም። ረዳቴ ሲዘጋ በአይኑ አይቶ አላመነም፣ ደስ ብሎት ሁለተኛውን እኔ ልምታ አለኝ፣ መታው። ጫፉ ላይ ደግሞ ሁለት ሽብልቅ። ሽብልቅ የሚገፋው ወደ ላይና ወደ ታች፣ ወደ ቋሚው ርዝመት አቅጣጫ መሆን አለበት፣ ወደ ጎን ከገፋ ቋሚውን እንደ ማገዶ ይፈልጠዋል፣ ይሄን የተሳሳቱ ሰዎች ስራ በአይኔ አይቻለሁ።

የታችኛው አግዳሚ ቀለል ይላል። የበሰበሰውን 20 ሚሊ ቆረጥኩ፣ ከቀረው 170 መሀሉን 50 ሚሊ አውጥቼ አንዱን ሰፊ ምላስ ሁለት 60 ሚሊ ምላስ አደረግኩት፣ ቋሚው ላይ የተረፈውን ክፍተት በዋንዛ ሞላሁ። ሁለት ጠባብ ምላስ እያንዳንዱ የሚኮማተረው ትንሽ ነው፣ ሽብልቁም አይላላም።

ሲገጣጠም ሰያፉ በ1 ሚሊ ብቻ ተለያየ። በሩን ስናቆመው ግን ሌላ ነገር መጣ፣ በሩ ቀጥ ሲል ነሐሴ ላይ የላግኩት 4 ሚሊ ጎደለ፣ ከስር 9 ሚሊ ክፍተት፣ አይጥ ባይገባ እንኳ ንፋስና አቧራ ይገባል። ከስሩ 5 ሚሊ የዋንዛ ቅጥያ ለጠፍኩና የቋሚዎቹን እግር ሶስት ጊዜ የዘይት ቀለም አጠጣሁት እስኪጠግብ፣ በየመሀሉ አንድ ቀን እያደረቅኩ። ጥር 8 በሩ ቆመ። እትዬ ዘግተው ከፈቱት፣ በአንድ እጅ፣ ከዛ ሽብልቁ የወጣበትን ጎን በመዳፋቸው ዳሰሱና ምንም ሳይሉ ወደ ውስጥ ገቡ፣ ጠላ ይዘው ተመለሱ።

ዘንድሮ መስከረም ከመስቀል በኋላ ክረምቱ ያደረገውን ለማየት ሄጄ ለካሁት፣ 2 ሚሊ። ትከሻዎቹ ላይ ምላጭ አይገባም። ነሐሴ ላይ መቃኑን ትንሽ ነክቶ ነበር አሉ፣ እሱ እብጠት ነው፣ ህዳር ላይ ለቋል ወይ የሚለውን እንደገና አያለሁ።

ከዛ ደብተሬን አገላብጬ እንደዛ የቀበርኳቸውን ቁልፎች ፈለግኩ፣ አራት ሌሎች በሮች አገኘሁ። አዘዞ ያለው መሀለኛ አግዳሚው ዝቅ ያለ ስለሆነ ቁልፉ ከሱ በላይ ባዶ ቋሚ ላይ ነው ያረፈው፣ ደህና ነው። ማራኪ ሰፈር ያለው በር ሰያፉ በ6 ሚሊ ተለያይቷል፣ ባለቤቱ በሩ ይዘጋል እኮ ምን ሆነ አለኝ፣ ቁልፉን ፈትቼ ጉቶውን አሳየሁት፣ ጥቅምት መጨረሻ ላይ አምጣው ተባብለናል። ቀበሌ 18 ያሉት ሁለቱ የአንድ ግቢ ናቸው፣ ሰዎቹ ቤቱን አከራይተው ሄደዋል፣ ተከራዮቹን በዚ ሳምንት አገኛቸዋለሁ።